ጆንያ ያላሳጠረውን ልጅ ብረት ያሳጥረዋል?

ቆሼ ስላችሁ አፍንጫችሁን የያዛችሁ ሰዎች ልቀቁት። የአዲስ አበባውን የቆሻሻ ክምር አላልኩም። የማወራው ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለችው፣ በማረቆ በርበሬ ስለምታስነጥሰው ቆሼ ነው። እዚህ አፍንጫ የሚያስይዝ ነገር ቢኖር በርበሬው ነው፤ እሱም የእናቶቻችሁን ድስት ያኮራ እንጂ ያሳፈረ አይደለም።

በአንድ የገበያ ቀን አንድ ልጅ አየሁ። ዕድሜው ከ15 አይበልጥም። በቆሎ የሞላ ጆንያ ጀርባው ላይ ጭነውለታል። ከመሬት እስከ አይሱዙው ጫፍ በተጋደመች አንዲት ሳንቃ ላይ ይወጣል። ሳንቃዋ ትለመጣለች። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይረግጣል። አራገፈ። ተመለሰ። ደገሙት። ሰባተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ። በዙሪያው ስንት ሰው ነበር? ነጋዴው አለ፣ ደላላው አለ፣ ሻይ ፉት የሚለው አለ። «ኧረ ይሄ ልጅ ይቀጭጫል» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

ያው ልጅ በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ መጣ። ተማሪዬ ነው፤ ስፖርት አስተምራለሁ። ሜዳው ዳር የራሳችን ጂም አለን። አትሳቁ። አንድ የውኃ ቧንቧ ብረት ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ። ተደምሮ 40 ኪሎ አይሞላም። ልጁ ትከሻው ላይ አሳረፈና አራት ጊዜ ቁጭ ብድግ አለ። አራት ብቻ። አስቀመጠው። ይሄኔ ከመንገድ ሆነው ሲያዩ የነበሩ አንድ አባት ከዘራቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«መምህር! ይሄ ብረት ልጁን ያሳጥረዋል። የሰው ልጅ እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ ትናንት የእርስዎን በቆሎ አይሱዙ ላይ የጫነልዎ ማን ነበር?»

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ የመለሱልኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«እሱማ ሥራ ነው!»

በቃ። የአገራችን የስፖርት ፍልስፍና በሦስት ቃል አለቀ። እሱማ ሥራ ነው። ሥራ ሲሆን አከርካሪ አይታጠፍም? ሥራ ሲሆን ጉልበት አይላላም? አጥንት «ይሄ የነጋዴ ጆንያ ነው፣ ልቻለው፤ ይሄ የስፖርት ብረት ነው፣ ልሰበር» ብሎ ይመርጣል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ሳንቃውን የማይደፍር ሁሉ የእኔ ቆርቆሮ ላይ ጀግና ሆኖ ይውላል።

ስለ ምን እንደማወራ ልንገራችሁ። ኮንትራስት ትሬኒንግ ይባላል። ከባዱንና ፈጣኑን ማፈራረቅ ማለት ነው። ከበድ ያለ ክብደት ይዘህ ጥቂት ጊዜ ቁጭ ብድግ ትላለህ። ታርፋለህ። ከዚያ ያለ ምንም ክብደት ባለ በሌለ ኃይልህ ትዘላለህ። ሙሉ መስሏችሁ ያነሳችሁት ጀሪካን ባዶ ሆኖ እጃችሁ ወደ ላይ ተወርውሮ ያውቃል? ነገሩ ወደዚያ ይጠጋል። ሰውነት ለከባዱ ተሰናድቶ ቀላሉን ሲያገኘው ያስፈነጥረዋል። ከባዱ ጭነት እግር ውስጥ ሁለት ነገር ጥሎ ይሄዳል፤ ድካምና ንቃት። ድካሙ ቶሎ ይለቃል፣ ንቃቱ ጥቂት ይቆያል። ጥበቡ ድካሙ ከወጣ በኋላ፣ ንቃቱ ሳይወጣ መዝለል ነው። ቡናስ ቢሆን ፈልቶ ሳይሰክን ይቀዳል?

ይሄ ደግሞ ትናንት በቲክቶክ የመጣ ነገር አይደለም። ከከፍታ ወርዶ መሬት እንደነኩ ወዲያው የመስፈንጠርን ልምምድ ሥርዓት ያስያዘው ሶቪየታዊው ዩሪ ቬርኮሻንስኪ ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ እኛ ገና በንጉሡ ዘመን ሳለን። ከዚያ ወዲህ ክብደትና ዝላይን ማዳበል ከሯጭ እስከ መረብ ኳስ ተጫዋች የዓለም የዕለት እንጀራ ሆኗል። እኛ ጋ ገና «ብረት ያሳጥራል» ላይ ነን።

ያሳጥራል? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይህን ጉዳይ ደጋግሞ አይቶታል። በአግባቡ የተመጠነና አዋቂ የሚቆጣጠረው የጉልበት ልምምድ የልጅን እድገት አይገታም ብሏል። አደጋ የሚመጣው ከአቅም በላይ ሲጫን፣ አነሳሱ ሲበላሽና ጠባቂ ሲጠፋ ነው። እስቲ አንብባችሁ ፍረዱ። ይሄ ማንን ይኮንናል? የእኔን አራት ቁጭ ብድግ ወይስ ያቺን የምትለመጥ ሳንቃ?

ሴቶቹንማ ተዉት። 40 ኪሎ የማትሞላ ልጅ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝላ ዳገት ስትወጣ የክብደቷን እኩሌታ ተሸክማለች። በየቀኑ። ያለ ዕረፍት። ማን «ማኅፀኗ ይጎዳል» አለ? ማንም። ያችው ልጅ ሜዳ መጥታ ብረቱን ስትነካ ግን መንደሩ ሁሉ የማኅፀን ሐኪም ይሆናል። ይሄ ለልጅቷ ማሰብ ነው? አይደለም። ጉልበቷ ለእኛ እስከዋለ ድረስ አንጨነቅም፤ ለራሷ ልታውለው ስትል ብቻ ያመናል። እውነቱ ይሄ ነው፤ መራራ ከሆነባችሁ ዋጡት።

ሁለተኛው መዝሙር ደግሞ አለ። «እኛ የተፈጠርነው ለረጅም ርቀት ነው። ጉልበት የአጭር ርቀት ሯጮች ጣጣ ነው።» ይሄን የሚሉኝ ሰዎች የራሳቸውን ጀግኖች ሩጫ እስከ መጨረሻው አይተውት ያውቃሉ ወይ እላለሁ።

የሲድኒ ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. 2000። ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትር ሮጡ። ሃያ አምስት ዙር። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ። ቴርጋት በ27 ከ18.29። ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ከዚህ ይረዝማል። ያን ወርቅ የለየው ትንፋሽ ነው? ትንፋሹማ ሁለቱም ነበራቸው። የለየው የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ጉልበት ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ከጉራጌ ምድር የወጣው ሰለሞን ባረጋ ኡጋንዳዊውን ቼፕቴጌን የቀደመው በ0.41 ሰከንድ ነው፤ በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ። ፓሪስ 2024 ደግሞ ተገለበጠ። በሪሁ አረጋዊ ከቼፕቴጌ በ0.30 ሰከንድ ተቀደመ፤ አሜሪካዊውን ግራንት ፊሸርን ያመለጠው በሁለት መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ፓሪስ ትዕግስት አሰፋ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በሦስት ሰከንድ ወርቅ አጣች። ለሕዝባችን የነገርነው ምንድን ነው? «ዕድል ነው።» ዕድል? በየጊዜው የምትመጣ ዕድል ስሟ ሌላ ነው፤ ክፍተት ትባላለች።

ትዕግስት ራሷ እኮ በሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች! ከዚያ ናት በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው። ፍጥነት የጽናት ጠላት ቢሆን ኖሮ ይሄ ይሆን ነበር? «ማርሽ ቀያሪው» ብለን ስሙን እስካሁን የምንጠራው ምሩፅ ይፍጠርስ? ማርሹ የት ነበር፣ ሳንባው ውስጥ? ታላቁ አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ እኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ የሮጠው 100 ሜትር ነው። የረጅም ርቀት ክብራችንን ካነጹት አንዱ ራሱ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር። ይሄን ማን ይነግረናል? ማንም። መዝሙሩ ይበላሻላ።

ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙትን ልጨምርላችሁ። ብቁ የሆኑ ሯጮች ከልምምድ ሰዓታቸው ሲሶ የሚጠጋውን ቀንሰው በምትኩ ዝላይ፣ አጭር ሩጫና የሚያስፈነጥር ጉልበት ሥራ ሠሩ። ዘጠኝ ሳምንት። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ አልጨመረም፤ እግራቸው ግን መሬቱን በትንሽ ወጪ መግፋት ቻለ። ያው ትንፋሽ፣ የተሻለ እግር።

እስከ ፓሪስ ድረስ የኦሊምፒክ ሜዳሊያችን ከ1500 ሜትር በታች ወርዶ አያውቅም ነበር። ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አመጣችና አጥሩን አንድ እርምጃ ገፋችው። ከዚያ በታች? የለም። በዝላይ? የለም። በውርወራ? የለም። «አልተፈጠርንበትም» ትሉኛላችሁ። ኬንያስ? እንደኛው የረጅም ርቀት አገር ናት። ጁሊየስ ዬጎ የሚባል ልጇ ጦር ውርወራን ከዩቲዩብ እያየ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፈርዲናንድ ኦማንያላ 100 ሜትርን በ9.77 ሮጠ። የእነሱ አፈር ምን የተለየ ነገር አለው?

አልተፈጠርንበትም? መስቀል ሲደርስ ጉራግኛው ሲመታ እግራችሁን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጉልበት ደረት ድረስ ይነሳል፤ እግር መሬቱን የነካው እንዳቃጠለው ሁሉ ነጥቆ ይመለሳል። አሠልጣኞች «ፕሊዮሜትሪክ» ብለው በገንዘብ የሚያስተምሩት ይሄንኑ ነው፤ መሬት ላይ ጥቂት ቆይቶ ብዙ መስፈንጠር። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ሲጨፍረው ያጨበጨበ ሁሉ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ሲዘለው «የፈረንጅ ነገር» ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጣዖት ልምጣ። ላብ።

እኛ ልምምድ የምንለካው በውጤት አይደለም፤ በላብ ነው። ልጁ ካላስመለሰው አልሠራም። ካልወደቀ አልበረታም። እኔ በወጣትነቴ ስሉስ ዝላይ እዘል ነበር። አሠልጣኜ መጀመሪያ 12 ዙር ያስሮጠኛል። እግሬ እንጨት ሲሆን «አሁን ዝለል! ላብህን ልየው!» ይለኛል። ዘለልኩ። በደከመ እግር አሸዋው ላይ እንደ ጆንያ ወደቅሁ። በደከመ እግር የሚዘለል ዝላይ መዝለልን አያስተምርም፤ ቀርፋፋነትን ያለማምዳል። አንድ ቀን ቀኝ ጉልበቴ «ቀጭ» አለ። በቃ፣ ያ ነበር። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያሠለጠነኝ እሱም እንደ ሠለጠነው ነው። ግን ዛሬም ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ሲንቋቋ የምሰማው የአሠልጣኜን ድምፅ ነው፤ «ላብህን ልየው»።

ለዚህ ነው ኮንትራስት የላብ አምላኪዎችን የሚያናድዳቸው። ብረቱ አይደለም የሚያናድዳቸው፤ ዕረፍቱ ነው! አራት ቁጭ ብድግ። አራት ደቂቃ መቀመጥ። አምስት ዝላይ። ሦስት ደቂቃ መቀመጥ። ይሄን አራት ዙር። ተደምሮ 16 ቁጭ ብድግና 20 ዝላይ። ከግማሽ ሰዓቱ ውስጥ ሥራው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አንድ ኃላፊ ሜዳችን መጥቶ ልጆቹ ተቀምጠው ሲያገኛቸው «እነዚህ ለምን ሥራ ፈቱ?» አለኝ። ድካሙ እስኪወጣ እየጠበቁ ነው አልኩት። ሳቀ። ስብሰባ ላይ አምስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው፣ ልጅ አራት ደቂቃ ተቀመጠ ብሎ ሳቀ!

የኳሱ ሰፈርም ከዚህ አይሻልም። በማዕዘን ምት ጎል በተቆጠረብን ቁጥር ሬዲዮው አንድ ካሴት አለው፤ «በአየር ላይ ኳስ ተበለጥን፣ ቁመት የለንም።» ቁመት የፈጣሪ ነው፤ እሺ። ዝላይስ? ስዊድናዊው ስቴፋን ሆልም ቁመቱ 1.81 ነው። ከራሱ ቁመት 59 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ 2.40 ሜትር ዘሏል፤ አቴንስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫን ከፍ ያደረገው የጣሊያን ተከላካይ ፋቢዮ ካናቫሮ 1.76 ነበር። ይሄን የሚያህል ልጅ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ በየሰፈሩ ሞልቷል። መልማዩ ግን ሜትር ይዞ ይመጣል። ጭንቅላቱ የት እንደሚደርስ ይለካል፤ ዘሎ የት እንደሚደርስ አይጠይቅም። ምክንያቱም ቁመት ካጠረ ጥፋቱ የእናት ነው፤ ዝላይ ካጠረ ግን ጥፋቱ የአሠልጣኝ ነው።

«ምን በልቶ?» የምትሉኝን አልረሳሁም። ይሄ ከሁሉም የሚያስቀው ነው። ልጁ አልበላም፣ ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ጉልበት አይሥራ፤ ግን በባዶ ሆዱ 15 ኪሎ ሜትር ይሩጥ? ስሌቱን ማን አስተማራችሁ? ለልጁ ምግብ የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ዙሩን ነው።

በሌላ በኩል ያሉትንም አልምርም። ከስልክ ላይ አይተው በአንድ ቀን 80 ኪሎ ትከሻቸው ላይ ጭነው፣ ሳያርፉ ከወንበር ወደ ወንበር የሚዘሉ አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጀመሪያ በባዶ እንጨት በትክክል ቁጭ ማለትን ተማሩ። ወራት ይፍጅ። ወገብ ቀጥ ይበል። ከዝላይ ስታርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ አይታጠፍ። ከባዱ ከዚያ ይመጣል።

ተአምር አልሸጥም። ሜዳችን ጥግ ያለው ግድግዳ ላይ ልጆቹ ጣታቸውን ጠመኔ ውስጥ ነክረው ዘለው ይነካሉ። ያቺ ነጭ ምልክት ናት መዝገባችን። የአንዳንዱ በአንድ ጣት ከፍ ብላለች። የአንዱ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ስለ ኮንትራስት የተሠሩ ጥናቶችም እንደዚሁ ነው የሚሉት፤ ጉልበት ያጠራቀመ ሰው ከጀማሪው ይልቅ ይጠቀማል፣ አንዱን የሚያነቃው ሌላውን ያደክመዋል፣ ከጥቅሙ የተወሰነው ዝም ብሎ ጥሩ ማሟሟቂያ ነው የሚሉም አሉ። እሺ። ግን ይሄን ያወቅነው ስለለካን ነው። የላቡ ጣዖት አገልጋዮች ምን ለክተው ያውቃሉ? ስንት ጉልበት እንዳበላሹ ቆጥረው ያውቃሉ?

«ጂም የለንም» አትበሉኝ። ቧንቧ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ ጠመኔ አለ። የሌለው ልጅን ማሳረፍ የሚደፍር አሠልጣኝ ነው። የሌለው «ተሳስተን ነበር» የሚል አንደበት ነው። እናንተም በልባችሁ ታውቁታላችሁ። መምህራኑ ታውቁታላችሁ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ትነግሩኛላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ግን ጣሪያ ታያላችሁ። አባቶች ታውቁታላችሁ፤ ልጃችሁ ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ ትከሻው ላይ ያለውን ሰንበር አይታችሁታል። ዝም አይነቅዝም ብላችሁ እናንተ ዝም ስትሉ የሚነቅዘው የልጁ ጉልበት ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስለ ብረቱ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ መጀመሪያ ያንን ጆንያ ከልጁ ጀርባ አውርዱ። ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ ኑ። ልጁ አራት ጊዜ ቁጭ ብድግ ብሎ ሲቀመጥ ታገኙታላችሁ። አትጩኹበት፤ አራት ደቂቃ ጠብቁት። ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ጠመኔ ነውና ዝናብ ያጥበዋል፤ የዛሬው ሳይጠፋ መጥታችሁ እዩት።